አንድ ፒክ፣ ሁለት ምስክር፦ በመዓዛማ ዘይት ውስጥ ያለውን ሽታ በስሙ መጥራት

የተከበራችሁ የላቦራቶሪ ባልደረቦች፣ ዘይት አንጣሪዎች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ! ከምሳ በኋላ ስለ ክሮማቶግራም መስማት ዓይን እንደሚያስከድን አውቃለሁ። ስለዚህ ከአፍንጫ እንጀምር። ከፊት ለተቀመጣችሁት የሰጠኋችሁን የወረቀት ቁራጭ አሽትቱና ወደ ኋላ አሳልፉልኝ። ምን ሸተታችሁ? ላቬንደር። ጎሽ! አፍንጫችሁ በአንድ ትንፋሽ አንድ ስም ሰጠ። ያንኑ ጠብታ ድብልቅን ወደ ውሕዶቹ ወደሚለየው መሣሪያ፣ ወደ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ብናስገባው ግን ከመቶ የማያንሱ ፒኮች፣ ማለትም ውሕድ በወጣ ቁጥር የሚሣሉ ጉብታዎች፣ ይደረደራሉ። ታዲያ ከእነዚያ ሁሉ መካከል ላቬንደር የቱ ነው? አንዱም አይደለም። ተደምረው ነው ላቬንደር የሚሆኑት።

የእኛ ሥራ እያንዳንዱን ፒክ በስሙ መጥራት ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ስሙን ለመጥራት ምን ያህል ማስረጃ ይበቃናል? በሦስት ነጥብ እሄዳለሁ። አንደኛ፣ ዘይቱ ከቅጠሉ ወጥቶ መርፌያችን ውስጥ እስኪገባ ድረስ ምን ይደርስበታል? ሁለተኛ፣ ፒኩ ስሙን የሚያገኘው እንዴት ነው? ሦስተኛ፣ መጠኑንና ንጽሕናውን በምን እናውቃለን? ሁለተኛው ላይ እንደምቆይ ከወዲሁ ልናገር፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚያ ነውና።

እንግዲህ ወደ አንደኛው።

መዓዛማ ዘይት ስንል በአብዛኛው የምናወራው ስለ ቴርፔኖች ነው። ሞኖቴርፔን 10 ካርቦንና 16 ሃይድሮጅን አለው፤ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 136 ነው። ሴስኪቴርፔን 15 ካርቦንና 24 ሃይድሮጅን፤ ክብደቱ 204። ኦክስጅን ሲገባባቸው አልኮል፣ አልዲሃይድ፣ ኪቶን፣ ኤስተር ይሆናሉ፤ የብዙ ዘይቶችን ጠባይ የሚወስኑት እነዚህ ኦክስጅን ያዘሉት ናቸው። ከቴርፔን ቤተሰብ ውጪ የሆኑም አሉ፤ የቅርንፉዱ ዩጂኖልና የቀረፋው ሲናማልዲሃይድ ፌኒልፕሮፓኖይድ ከሚባለው ወገን ናቸው።

በላቦራቶሪ ዘይት ለማንጠር እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት የክሌቨንጀር መሣሪያ የታወቀው በ1928 ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በ1 ሊትር ፍላስክ 50 ግራም ደረቅ ቅጠልና 500 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ፤ ፍላስኩ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሙላ፣ አረፋው ሲነሳ ቅጠሉን ይዞ ወደ ላይ ይወጣልና። ሙቀቱን በደቂቃ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር እንዲንጠባጠብ አስተካክሉ። የመጀመሪያው ጠብታ ከወረደበት ጊዜ ጀምሮ 3 ሰዓት ቁጠሩ። ዘይቱን በተመረቀው ቱቦ ላይ አንብቡ፤ ከዚያ በጥቂት ውሃ አልባ ሶዲየም ሰልፌት አድርቁትና ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ እስከ አንገቱ ሞልታችሁ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አስቀምጡ። እስከ አንገቱ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ግማሹ ባዶ የሆነ ጠርሙስ ግማሹ አየር ነው፤ አየር ደግሞ ሊሞኔንን እየበላ ካርቮንና ፐሮክሳይድ ያደርገዋል፤ ጋማ-ቴርፒኔንንም ወደ ፓራ-ሳይሚን ይለውጠዋል። ፓራ-ሳይሚን ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ካያችሁ፣ ተክሉን ከመጠየቃችሁ በፊት ጠርሙሱን ጠይቁ።

ቀላል ነው ብያለሁ፤ ግን ሦስት ወጥመዶች አሉበት። ቅርንፉድ ለማንጠር ሞክሮ ዘይት የጠፋበት ሰው እዚህ አለ? እጅ አያስፈልግም፣ ፈገግታውን አይቻለሁ። የዩጂኖል እፍጋት ከ1 ይበልጣል፣ 1.06 ገደማ ነው። ለቀላል ዘይት በተሠራው ክሌቨንጀር ዘይቱ ከውሃው በታች ይሰምጥና በመመለሻው ቱቦ ተመልሶ ፍላስክ ውስጥ ይገባል። መፍትሔው አስቀድሞ በትክክል የተለካ 0.5 ሚሊ ሊትር ዛይሊን መሰብሰቢያው ውስጥ መጨመር ነው፤ ዘይቱ ዛይሊኑ ውስጥ ሟሙቶ ይንሳፈፋል፣ በመጨረሻም ከተነበበው ላይ 0.5 ይቀነሳል። ዘይቱ ራሱ ለትንተና የሚፈለግ ከሆነ ግን ዛይሊኑ ፒክ ሆኖ እንደሚመጣ አትርሱ፤ ያኔ ለከባድ ዘይት የተሠራውን መሰብሰቢያ ነው የምትገጥሙት።

ሁለተኛው ወጥመድ ውሃው ነው። የጽጌረዳ አበባ በፌኒልኤቲል አልኮል የተሞላ ነው፤ ይህ አልኮል ግን በውሃ በደንብ ስለሚሟሟ አብዛኛው ውሃው ውስጥ ይቀራል። ዘይቱን ብቻ የለካ ሰው ጽጌረዳ ይህ አልኮል እምብዛም የላትም ብሎ ይጽፋል። ሦስተኛው ወጥመድ ሙቀቱና አሲዱ ነው። ሊናሊል አሴቴት በሚፈላ ውሃ ውስጥ በቆየ ቁጥር እየተሰበረ ሊናሎልና አሴቲክ አሲድ ይሆናል። አንዱን ላቬንደር ለ30 ደቂቃ፣ ሌላውን ለ3 ሰዓት ያነጠረ ሰው ሁለት የተለያዩ ተክሎች ያሉት ሊመስለው ይችላል። ካሞማይልን ደግሞ ተመልከቱ። ዘይቱ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ያደረገው ካማዙሊን ይባላል። አበባው ውስጥ ግን ካማዙሊን የለም! አበባው ውስጥ ያለው ማትሪሲን የተባለ ቀለም አልባ ውሕድ ነው፤ ሰማያዊው የተወለደው ድስቱ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የምንተነትነው ዘይቱን ነው። ተክሉን አይደለም፣ ዘይቱን ነው። በሪፖርታችሁ ላይ የማንጠሪያው ጊዜ፣ የውሃው መጠንና የቅጠሉ እርጥበት ካልተጻፈ፣ ከዚያ በታች ያለው ሰንጠረዥ ከማንም ሥራ ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ።

ጋዝ ክሮማቶግራፊ ከመምጣቱ በፊት ሰዎች ይህን ሥራ እንዴት ይሠሩት ነበር? ዘይቱን ደጋግመው ያነጥሩታል፤ ክፍልፋዩን ከሌላ ኬሚካል ጋር አዋሕደው ክሪስታል ያደርጉታል፤ ከዚያ የክሪስታሉን መቅለጫ ሙቀት ይለካሉ። ኦቶ ቫላህ በዚህ መንገድ ነው ሰው ሁሉ በየስሙ የሚጠራቸውን ቴርፔኖች ለይቶ ያስቀመጠው፤ በ1910 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ብዙዎቹ የተለያዩ ይባሉ የነበሩ ቴርፔኖች አንድ ዓይነት መሆናቸውን ያሳየን እሱ ነው። ጄምስና ማርቲን የጋዝና ፈሳሽ ክሮማቶግራፊን ያወጡት በ1952 ነው። ቫላህ ወራት ይፈጅበት የነበረውን አሁን በአንድ ሰዓት እንሠራዋለን። ግን ልብ በሉ፣ ቫላህ ስም የሚሰጠው ክሪስታሉን በእጁ ይዞ ነበር። እኛ የምንይዘው የኮምፒውተር ዝርዝር ነው።

መሣሪያውን እንዴት እናዘጋጅ? ኮለሙ፣ ማለትም ውሕዶቹ የሚለያዩበት ቀጭን ቱቦ፣ 30 ሜትር ርዝመት፣ 0.25 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት፣ 0.25 ማይክሮሜትር የፊልም ውፍረት፤ የውስጡ ልባስ 5 በመቶ ፌኒልና 95 በመቶ ዳይሜቲል ፖሊሲሎክሴን። ተሸካሚው ጋዝ ሂሊየም፣ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር። ምድጃው ከ60 ዲግሪ ተነስቶ በደቂቃ 3 ዲግሪ እየጨመረ 240 ይደርሳል፤ 180 ሲካፈል ለ3፣ ልክ 60 ደቂቃ። ማስገቢያው 220 ዲግሪ። ጊዜ ለመቆጠብ በደቂቃ 10 ዲግሪ የሚያስኬዱ አሉ፤ ሴስኪቴርፔኖቹ ተደራርበው ይወጡባቸዋል፣ ያተረፉትን 40 ደቂቃ ስም ሲፈልጉ በቀን ይከፍሉታል።

ምን ያህል ዘይት እናስገባ? እዚህ ላይ አብረን እናስላ። 10 ማይክሮሊትር ዘይት በ1 ሚሊ ሊትር ሄክሴን ብንበርዝ 1 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከዚያ 1 ማይክሮሊትር ስናስገባ ዘይቱ 9 ማይክሮግራም አካባቢ ነው። ስፕሊቱ፣ ማለትም ከገባው ውስጥ ወደ ኮለሙ የሚያልፈው ድርሻ፣ 1 ለ100 ከሆነ ኮለሙ ላይ የሚደርሰው 90 ናኖግራም። ከዚያ ውስጥ ሊናሎል 40 በመቶ ቢሆን 36 ናኖግራም። እንዲህ ያለው ኮለም ለአንድ ውሕድ የሚችለው ከ50 እስከ 100 ናኖግራም ስለሆነ በሰላም ያልፋል። አሁን ያልተበረዘ ዘይት 0.1 ማይክሮሊትር አስገቡ፦ በዚያው ስፕሊት 900 ናኖግራም፣ ሊናሎሉ ብቻ 360። ኮለሙ ታነቀ! ፒኩ ወደ ፊት ያዘነበለ፣ የሻርክ ክንፍ የመሰለ ይሆናል፤ ጫፉም ከቦታው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። መንሸራተቱ ለምን እንደሚያስፈራኝ ጥቂት ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ናሙናው ገባ፣ ወጣ፣ ሞለኪውልን ሰባብሮ ስብርባሪውን የሚመዝነው ማስ ስፔክትሮሜትር በ70 ኤሌክትሮንቮልት መታው፣ የታወቁ ውሕዶች ስፔክትረም የተከማቸበት ላይብረሪ ስም ሰጠ። «ሊሞኔን፣ 95 በመቶ።» ጨረስን? አልጨረስንም። ያ 95 ምን ማለት ነው? ብዙዎች «ሊሞኔን የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ነው» ብለው ያነቡታል። አይደለም! የሁለት ሥዕሎች መመሳሰል ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም። መንትዮችም ይመሳሰላሉ።

ቴርፔኖች ደግሞ መንትዮች ብቻ አይደሉም፣ የአንድ መንደር ሰዎች ናቸው። አልፋ-ፓይኒን፣ ሳቢኒን፣ ቤታ-ፓይኒን፣ ቤታ-ፌላንድሪን፦ የሁሉም ክብደት 136፣ የሁሉም ትልቁ ስብርባሪ 93። ሴስኪቴርፔኖቹ ጋ ይብሳል፤ 204፣ 161፣ 105፣ 93 እየተደጋገሙ ይመጣሉ፤ ላይብረሪው ከ90 በላይ ነጥብ የሰጣቸውን አሥር ስሞች ሊደረድርላችሁ ይችላል። የመጀመሪያውን ስም ቀድቶ መሄድ ትንተና ይባላል?

ስለዚህ ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ምስክር ውሕዱ ከኮለሙ የወጣበት ቦታ ነው። የወጣበት ደቂቃ አላልኩም፤ ደቂቃ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያል፣ ኮለሙን 20 ሴንቲ ሜትር ብትቆርጡትም ይለወጣል። ኮቫትስ በ1958 ያመጣው ሐሳብ ይህን ፈታው፦ ውሕዱን በተራ ቁጥራቸው በታወቁ ቀጥተኛ አልኬኖች መካከል አስቀምጠው። ዴኬን 10 ካርቦን ስላለው 1000፣ ኡንዴኬን 1100፣ ዶዴኬን 1200፤ ውሕዱ በመካከላቸው የሚያገኘው ቁጥር ኢንዴክስ ይባላል። ሙቀቱ እየጨመረ ለሚሄድ ምድጃ የሚሠራው ቀመር በ1963 መጣ፤ እሱም ተራ ክፍፍል ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ጻፉት። በዚያው ቀን፣ በዚያው ፕሮግራም ከ8 እስከ 24 ካርቦን ያላቸውን አልኬኖች አስገባችሁ። ዴኬን በ14.20 ደቂቃ፣ ኡንዴኬን በ18.60 ወጣ። የእናንተ ፒክ 18.36 ላይ ነው። 18.36 ሲቀነስ 14.20፣ 4.16። በሁለቱ አልኬኖች መካከል ያለው ርቀት 4.40። 4.16 ሲካፈል ለ4.40 ወደ 0.95 ነው። ስለዚህ ኢንዴክሱ 1095። በዚህ ዓይነት ኮለም የሊናሎል ኢንዴክስ በመጻሕፍት 1095 አካባቢ ነው። ስፔክትረሙም 71፣ 93፣ 55 ካሳየ ሁለት ምስክር ቆመላችሁ። ሊናሎል በሉት! 154 አልታየም ብላችሁ አትጨነቁ፤ የሊናሎል ሙሉ ሞለኪውል ሲመታ ወዲያው ውሃ ስለሚጥል 154 በጭንቅ ነው የሚታየው።

ልዩነቱ ምን ያህል ሲሆን ነው እሺ የምንለው? በኔ ሚዛን ለተመሳሳይ ኮለም እስከ 5 ነጥብ በሰላም አልፋለሁ፤ ከ10 ካለፈ ስሙን አልቀበልም። የታነቀ ፒክ ግን እዚህ ላይ ነው ጉድ የሚሠራችሁ፦ ጫፉ ሲንሸራተት 1095 የነበረው 1102 ሆኖ ይነበባል፤ እናንተም የሌለ አዲስ ውሕድ አገኘሁ ትላላችሁ። ብርዙን በአሥር እጥፍ አቅጥናችሁ እንደገና አስገቡ፤ ቁጥሩ ወደ ቦታው ከተመለሰ ጥፋቱ የመጠን ነበር።

ሁለት ምስክርም የማይበቃበት ጊዜ አለ። ሊሞኔን 1024፣ 1,8-ሲኒዮል 1026፣ ቤታ-ፌላንድሪን 1025። ሦስቱ በአንድ በር፣ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። የባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥ ሲኒዮሉ ገናና ስለሆነ ሊሞኔኑን ይውጠዋል። ምን ታደርጋላችሁ? በመጀመሪያ በፒኩ ግራ ጠርዝ፣ በመካከሉና በቀኝ ጠርዙ ላይ ያለውን ስፔክትረም ለየብቻ ተመልከቱ። 68 በአንድ በኩል ከፍ ብሎ 43፣ 108ና 154 በሌላው በኩል ከፍ ካሉ፣ አንድ ፒክ የመሰለው ሁለት ነው። ቀጥላችሁ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል በተለበሰ ዋልታዊ ኮለም ላይ አስኪዱት፤ ሊሞኔን ወደ 1200፣ ሲኒዮል ወደ 1210 ይሄዳሉ፣ ይለያያሉ።

ዋልታዊው ኮለም ሌላም ነገር በነጻ ይነግራችኋል። ከመጀመሪያው ኮለም ወደ ሁለተኛው ስትሻገሩ ሊሞኔን በ175 ገደማ ጨመረ፤ ካርዮፊሊንም ከ1417 ወደ 1600 አካባቢ፣ እሱም በ180 ገደማ። ሊናሎል ግን ከ1095 ወደ 1545 አካባቢ ዘለለ፤ 450 ነጥብ! የዝላዩ ርዝመት ውሕዱ ሃይድሮካርቦን ይሁን አልኮል ይነግራል። ስሙን ገና ሳታውቁ ወገኑን አወቃችሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ይህን ነጥብ ልዝጋ። ማሽኑ ራሱ ውሕድ ይፈጥራል። ጀርማክሪን ኤ የተባለው ሴስኪቴርፔን ሙቀት ሲነካው ራሱን አስተካክሎ ቤታ-ኤለሚን ይሆናል። ቤታ-ኤለሚን ስታዩ ማስገቢያውን ከ220 ወደ 150 ዲግሪ አውርዳችሁ ድገሙት፤ ፒኩ ከቀነሰ ምንጩን አገኛችሁት። 73፣ 207 እና 281 ያሳየ ፒክ ደግሞ ከኮለሙ ልባስ ወይም ከማስገቢያው ጎማ የመጣ ሲሊኮን ነው። 149 ከሆነ ከፕላስቲክ የወጣ ፍታሌት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ዘይት በፕላስቲክ ጠርሙስ አይቀመጥም። እነዚህ በ«አዲስ የተገኙ ውሕዶች» ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገቡ ማየት ያሳቅቃል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ መጠንና ንጽሕና።

ስለ መጠን አጭር ልሁን። የፒክ ስፋት መቶኛ የክብደት መቶኛ አይደለም። ማስ ስፔክትሮሜትር ለስም ነው፤ ለመጠን የነበልባል ዲቴክተሩን፣ ኤፍአይዲውን ተጠቀሙ። እሱም ቢሆን ካርቦን ነው የሚቆጥረው፤ በእኩል ክብደት ሊናሊል አሴቴት ከሊሞኔን ያነሰ ምልክት ይሰጣል። ስለዚህ 100 ሚሊ ግራም ዘይትና 10 ሚሊ ግራም ኖኔን በትክክል መዝናችሁ በሄክሴን 10 ሚሊ ሊትር አድርሱት፤ ለዋና ዋናዎቹ ውሕዶች ንጹሕ ስታንዳርድ ገዝታችሁ ከኖኔኑ አንጻር ያላቸውን ምላሽ ለኩ። መቶኛዎቹ ተደምረው 100 መጡ ብላችሁ አትደሰቱ። የታየው ሁሉ ለታየው ሁሉ ሲካፈል ምንጊዜም 100 ነው! ያልታየው የት ገባ?

ያልታየው! አጭበርባሪ የሚኖረው እዚያ ነው። ሄክሴኑ ዲቴክተሩን እንዳይጎዳ ማስ ስፔክትሮሜትሩን ለመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች እናጠፋዋለን አይደል? በኤታኖል የተበረዘ ዘይት ኤታኖሉ በእነዚያ 3 ደቂቃዎች ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። የምግብ ዘይት የተጨመረበት ደግሞ ጭራሽ አይተንም፤ ማስገቢያው ውስጥ ተጋግሮ ይቀራል፣ ክሮማቶግራሙ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። በመጭመቅ የሚወጡት እንደ ሎሚ ያሉ የልጣጭ ዘይቶችም በተፈጥሯቸው የማይተኑ ፉራኖኩማሪኖች አሏቸው፤ እነሱን የሚያሳያችሁ በፈሳሽ የሚሠራው ክሮማቶግራፊ፣ ኤችፒኤልሲ ነው።

የተራቀቀው አጭበርባሪ ግን ዘይቱ ውስጥ ያለውን ነገር ራሱን ነው የሚጨምረው። ላቬንደሩ ላይ ፋብሪካ የሠራው ሊናሎልና ሊናሊል አሴቴት ሲጨመር ምስክሮቻችን ሁሉ ይዋሻሉ፤ ኢንዴክሱ ልክ፣ ስፔክትረሙ ልክ። እንዴት እንይዘዋለን? ሞለኪውሎች እንደ እጅ ግራና ቀኝ አላቸው። የካርቮን አንዱ እጅ ስፒርሚንት ይሸታል፣ ሌላው ካራዌይ። ላቬንደር ሊናሊል አሴቴቱን ከሞላ ጎደል በአንዱ እጅ፣ አር (R) በሚባለው ብቻ ነው የሚሠራው፤ ፋብሪካ ግን ሁለቱን እኩል ነው የሚያወጣው። ሳይክሎዴክስትሪን የተለበሰ ካይራል ኮለም ላይ ሲኬድ የሌላው እጅ፣ የኤስ (S) ወገን ብቅ ካለ ምስጢሩ ወጣ። ሊናሎሉ ላይ ብቻ አትመሥርቱ፤ በአሲድ ውስጥ ረጅም ጊዜ የተነጠረ ሊናሎል በራሱ ጥቂት ሊቀላቀል ይችላል። ዳይሃይድሮሊናሎል የተባለች የፋብሪካ ተረፈ ምርት ካገኛችሁም ጠርጥሩ። ርካሹ ዲቃላ ላቬንደር፣ ላቫንዲን የተቀላቀለበትን ለመያዝ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ካምፈሩን ተመልከቱ፦ በእውነተኛው ላቬንደር ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው፣ ግሮሶ በተባለው የላቫንዲን ዝርያ ከ6 በላይ ይደርሳል።

የዊንተርግሪን ዘይትስ? ከሞላ ጎደል ሁሉም ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፤ ይህ ሞለኪውል ግራና ቀኝ የለውም። እዚህ የሚመሰክረው ካርቦን-14 ነው። ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ስለሆነ ከነዳጅ ዘይት በተሠራው ውስጥ አልቋል፤ ዘንድሮ በበቀለ ተክል ውስጥ ግን አለ።

የመጨረሻው ነገር። ትልቁ ፒክ ሽታው ነው የሚል ሰው አሁንም እዚህ ካለ፣ የጽጌረዳን ዘይት ያስብ። ቤታ-ዳማሴኖን በውስጡ ከ1 በመቶ እጅግ ያነሰ ነው፤ አፍንጫ ግን በውሃ ውስጥ በቢሊዮን ከአንድ ክፍል በታች ሆኖ እንኳ ይለየዋል። እሱን ለማግኘት ከኮለሙ የሚወጣውን ጋዝ ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ወደ ዲቴክተር፣ ግማሹን በእርጥብ አየር ወደ አፍንጫ ትልካላችሁ። አየሩ ካልረጠበ የአፍንጫ ውስጥ ይደርቃል። አንድ ሰው ከ30 ደቂቃ በላይ አያሽትት፤ ይደክማል፣ የሌለ ነገር ይሸተዋል። ዘይቱን በየጊዜው በእጥፍ እያቀጠናችሁ ድገሙ፤ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ እስከ መጨረሻ የሚሸተው ያ ነው። ብዙ ጊዜ እዚያ ደቂቃ ላይ ክሮማቶግራሙ ባዶ ይመስላል።

ወረቀቷ መጨረሻው ረድፍ ደርሳለች? እስቲ አሁን አሽትቷት። ተለውጣለች አይደል? ቀላሎቹ ሞኖቴርፔኖች ሄደዋል፤ ክዳኑ በመርፌ ተበስቶ ጠረጴዛ ላይ የዋለ ናሙናም እንዲሁ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር በአዲስ ክዳን ወይም በአዲስ ብርዝ ሥሩ። ወረቀቷን አትጣሏት። እስከ ነገ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ትቀመጥ፤ የቅባት ምልክት ከቀረባት ይዤላችሁ የመጣሁት ላቬንደር የምግብ ዘይት ተጨምሮበታል ማለት ነው። በሉ፣ ጥያቄዎቻችሁን እንስማ።